ብርድ ነው አሉን

እናቴ እንጀራ እየጋገረች ነው ያሳደገችኝ። ይህን የምለው ለማስለቀስ አይደለም፤ በግቢያችን ካለው ተማሪ ስንቱ የጋጋሪ፣ ስንቱ የጠማቂ፣ ስንቱ የጉሊት ነጋዴ ልጅ እንደ ሆነ ስለምናውቅ በዚህ የሚኮራም የሚያፍርም የለም። የምለው፣ ልነግራችሁ ያሰብኩት ነገር ከእጅ ስለሚጀምር ነው።

ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ የነበረን ቤት አንዲት ክፍል ነበረች። ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሌላውን የሚያሳልፍበት መተላለፊያ ውስጥ ገብታችሁ፣ በስተመጨረሻ በቆርቆሮ የተከለለች ማድ ቤት ታገኛላችሁ፤ የኛ ነበረች። እማዬ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ ምጣድ ትጥዳለች። ቡሃቃውን ትከፍታለች፣ ምጣዱን ታስሳለች፣ ሊጡን ከዳር ወደ መሃል እያዞረች ታፈሳለች፣ አክምባሎውን ትከድናለች። ጧት አንድ ሰዓት ላይ የፒያሳ ምግብ ቤቶች ልጆቻቸውን ይልካሉ። እኔ የማውቀው ሰዓት ይኸው ነበር፤ ሰዓታችን የእማዬ እጅ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ አገሩ ሁሉ ስለ ኮሮና ሲያወራ፣ አንድ ሌሊት አክምባሎውን ማንሳት አቃታት። ቀሰቀሰችኝ። መብራት አብርቼ ሳይ ጣቶቿ ከሥራቸው አብጠዋል፣ ቀለበቷ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። «ደንዝዤ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይለቀኛል» አለችኝ። እውነትም ሦስት ሰዓት ገደማ ለቀቃት። በማግሥቱ ግን ተመለሰ። በሳምንቱም ተመለሰ። በወሩ ጉልበቷና የእግሯ ጣቶች ተጨመሩበት።

በሠፈራችን ሕክምና የሚጀመረው በቡና ነው። መቼም ቡናው ሳይፈላ ምርመራ የለም። ጎረቤቶቻችን በርጩማቸውን ይዘው መጡና እጇን በየተራ ገለባብጠው አዩት። አንዷ ትጫናለች፣ አንዷ ትነፋበታለች። ውሳኔው በአንድ ድምፅ አለፈ፤ ብርድ ነው። ከምጣድ እሳት ወጥታ ቀዝቃዛ ውሃ ስለምትነካ ሙቀትና ብርድ እጇ ላይ ተገናኝተው ነው አሉ። እኔ ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩና ባዮሎጂ የማውቅ መስሎኝ ሳቅ ሳቅ አለኝ። ዛሬ ሳስበው ግን ያ ቦርድ ከእኔ ባዮሎጂ የሚሻልበት ነገር ነበረው፤ ሁሉም እጇን ነክተዋታል።

ቀጥሎ መድኃኒቱ መጣ። በስተግራ ያለችው ጎረቤታችን ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ አመጣች። በስተቀኝ ያለችው ፌጦ በሎሚ ለውሳ ቀባቻት፤ ቆዳዋ ተቃጠለ። ላይ ቤት ያሉት ሴትዮ ዝንጅብልና እርድ በማር ይዘው መጡ። ጥቁር አዝሙድ ያለ አለ፣ ተልባ ያለ አለ፣ ዋግምት ያለም አለ። ዳማ ከሴ ይዛ የመጣችም ነበረች፤ «እሱ ለምች ነው እንጂ ለቁርጥማት ምን ያደርጋል?» ተብላ ተገሠጸች። እንግዲህ ይኼ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው፤ ቤታችን መድኃኒት መድኃኒት ሸተተ።

ሐኪም ቤት አልሄደችም ወይ? ሄዳለች እንጂ። ይህን ሳልናገር ብቀር ታሪኩ ሐሰት ይሆናል። ሕዝባችን ቅጠል የሚበጥሰው ሐኪም ስለማያውቅ ነው የሚሉ ወንድሞች አሉን፤ እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። እማዬ ከንጋት ጀምራ ተሰልፋ ስምንት ሰዓት ላይ ገባች። የተመለከታት ልጅ ሐኪም ቀና ሳይል «የት ነው የሚያምሽ?» አላት። «እጄን» አለች። «ሪህ ነው» ብሎ ዲክሎፌናክ ጻፈላት። አልፈርድበትም፤ ከኋላዋ ሌላ ስድሳ ሰው ቆሟል። ግን ጧት ጧት ስንት ሰዓት እንደሚያደነዝዛት አልጠየቃትም። እጇንም አልነካውም።

ኪኒኑ አስታገሠላት። እማዬም መጋገሯን ቀጠለች፤ ኪኒኑም ቀጠለ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ። መጀመሪያ በቀን አንድ፣ በኋላ ሁለት፣ የሥራ ብዛት ባለበት ቀን ሦስት። ከመድኃኒት ቤት ያለ ወረቀት ይገዛ ነበር። ከዚያ ሆዷ መቃጠል ጀመረ። እነዚህ ማስታገሻዎች ሕመምና እብጠት የሚያመጡትን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳይሠሩ ይከለክላሉ፤ የጨጓራን ግድግዳ ከራሱ አሲድ የሚጠብቁትም ፕሮስታግላንዲኖች ናቸው፤ ስለዚህ እጅን ሲያድኑ ጨጓራን ያራቁታሉ፤ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ይህን የነገረን አልነበረም። እማዬ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ የሐኪም ቤቱ መድኃኒት እጇን ትቶ ሆዷን ያዛት። ከዚያ በኋላ «ከተፈጥሮ የሆነ» የሚለው ቃል ለጆሮዋ ጣፋጭ ቢሆንላት ምን ይገርማል? የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ሦስት ቦታ ወሰድኳት። ሦስቱንም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ሄድን። ሽማግሌ ናቸው፤ ብዙ ኳስ ተጫዋች እጃቸው ላይ እንደ ዳነ ይነገርላቸዋል። ቅቤ አስመጥተው የእማዬን እጅ ተቀበሉ። አንጓ በአንጓ ዳሰሱት። ከዚያ ቅቤውን ሳይነኩት መለሱልን። «እትዬ፣ ይኼ የኔ አይደለም» አሏት። «የኔ የወለቀና የተሰበረ ነው። ይኼ ከውስጥ የመጣ ነው፤ ትኩስ ነው፤ ባሸው ይብስበታል። ደህና ሐኪም ፈልጊ።» ገንዘብ አልተቀበሉም። እማዬ ተናደደች፤ «እሳቸውም አረጁ» አለች። እኔም አብሬ ተናደድኩ። አሁን ሳስበው ግን በሦስት ዓመት ውስጥ እውነቱን የነገሩን የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ። ትኩስና ያበጠ አንጓ የሚታሽ አለመሆኑን በእጃቸው ያውቁታል፤ የዕውቀታቸውንም ወሰን ያውቃሉ። የኋለኛውን ዕውቀት በብዙ የተማረ ሰው ዘንድ አላገኘሁትም።

ሁለተኛ ፍል ውሃ ሄድን። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ይህን ፍል ውሃ ወድደው እንደ ሆነ ሁላችን በትምህርት ቤት ተምረናል፤ ስለዚህ ከተማችን የቁርጥማት መታከሚያ ዙሪያ የበቀለች ከተማ ናት ብል ብዙ አልዋሸሁም። እማዬ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ወዝቶ፣ እጇ ተፍታቶ ነበር። እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን በራሷ ጣቶች ጎነጎነች። ስንት ወር ሙሉ ሰው ነበር የሚጎነጉንላት። ማታ ላይ እጇ ተመልሶ ደረቀ፤ ቢሆንም ያችን ከሰዓት በኋላ አልረሳትም። ሙቀት የደረቀ አንጓን ያላላል፤ ይህ ተረት አይደለም፤ ሐኪሞችም ይመክሩታል። በሽታውን ግን አያቆመውም።

ሦስተኛው ጸበል ነው። ወደ እንጦጦ ወጣን። ስለ ጸበል እዚህ መጽሔት ላይ መጻፍ እሳት መጨበጥ መሆኑን አላጣሁትም፤ ግማሻችሁ ትስቃላችሁ፣ ግማሻችሁ ትቆጣላችሁ። እኔ የማነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኤች አይ ቪ የያዛቸው ብዙ ወገኖች መድኃኒታቸውን ጥለው ወደ እንጦጦ ይወጡ በነበረበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ይህ ቃል ስንት ሰው እንዳተረፈ እግዜር ይወቀው። እማዬ ዘንድ ግን ያኔ አብሮ የሚወሰድ መድኃኒት አልነበረም። ጥላው የመጣችው ዲክሎፌናክ ነው፤ እሱንም በመጣሏ ጨጓራዋ ስለተሻለው ጸበሉ አዳነኝ አለች። ደስ አላት፤ እኔም ደስታዋን አላጠፋሁባትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። በግቢያችን በዚህ ጉዳይ ሁለት ጎራ አለ። አንደኛው ጎራ የባህል መድኃኒት ሁሉ ኋላ ቀርነት ነው፣ «ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ» ነው ይላል። ሁለተኛው ጎራ ደግሞ አባቶቻችን ሁሉንም ያውቁ ነበር፣ ፈረንጅ ሰረቀን ይላል። ሁለቱም ጎራ ቡና እየጠጣ ነው የሚከራከረው፤ ሁለቱም ታሞ አያውቅም።

ለመጀመሪያው ጎራ አክሊሉ ለማን ላስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሆነው፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያሸክመው ቀንድ አውጣ ነው። ሴቶቹ የሚያውቁትን እንዶድ ላቦራቶሪ አስገብተው መረመሩት፤ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ያቋቋሙት ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ደግሞም በርበሬያችንን ተመልከቱ። ምላስ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባለው ነገር በቅባት መልክ ተሠርቶ ለነርቭ ሕመም ይታዘዛል፤ ያ ቃጠሎ በየትኛው በር ወደ ነርቭ እንደሚገባ ያገኘው ዴቪድ ጁልየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ሚጥሚጣ ስቶክሆልም ደረሰ ማለት ነው።

ለሁለተኛው ጎራም አለኝ። እንዶድን መድኃኒት ያሰኘው መመርመሩ ነው እንጂ የኛ መሆኑ አይደለም። ስቴፋን ስትሬልሲን የተባለው ሊቅ የደብተሮቻችንን የመድኃኒት መጻሕፍት እያጠና እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 በሁለት ቅጽ አሳትሟል፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ውስጥ የሚሠራውና የማይሠራው ጎን ለጎን ተኝቷል፤ ማን ይለየው? ጤና አዳምን ውሰዱ። በቡና ውስጥ አንዲት ቅርንጫፍ ምንም አይደለችም፤ ተጨምቆ በብርጭቆ ሲጠጣ ግን ጉበትና ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርማ አደጋ ነው። ተፈጥሮ ለኛ ብላ አልበቀለችም።

ወደ ታሪኬ ልመለስ።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ ሰው ዱቄት ይሸጣል ተባለ። ማን እንደ ሆነና የት እንደሚሸጥ አልናገርም። ቡናማ ዱቄት ነው፤ በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ጧት በሻይ ማንኪያ ከማር ጋር ይላሳል። «ሰባት ዓይነት ሥር» አላት። ዋጋው የእማዬ የሦስት ቀን ገቢ ነው። ገዛንላት። ገዛንላት የምለው እኔም ስላዋጣሁ ነው፤ የዶርም ኪሴን አራግፌ።

በአራተኛው ቀን እማዬ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ እየዘፈነች አገኘኋት። አክምባሎው በአንድ እጇ ነው። እብጠቱ የለም። እንደ ሰም ቀልጦ ጠፍቷል። ጎረቤት ተጠራ፣ እልል ተባለ። እኔም፣ የሁለተኛ ዓመት የሳይንስ ተማሪው፣ እልል አልኩ። ሰባቱ ሥር ምን ምን እንደ ሆኑ አልጠየቅሁም። በጥምቀት ዕለት እማዬ ጃን ሜዳ ድረስ በእግሯ ሄዳ በእግሯ ተመለሰች።

ከዚያ መወፈር ጀመረች። ፊቷ ክብ ሆነ፣ ጉንጯ ቀላ፣ ከማጅራቷ በታች ሥጋ ቋጠረች፤ ክንዷና እግሯ ግን ቀጠኑ። በእኛ አገር ወፈርሽ ማለት ምርቃት ነው። «ተስማማሽ!» ይሏታል በመንገድ። «አማረብሽ፤ ሃብታም መሰልሽ!» ትስቃለች። ትንሽ ነገር ሲነካት ቆዳዋ ይበልዛል። ሌሊት እንቅልፍ የለም። ውሃ ውሃ ይላታል። እኔ ሁሉንም አይቼ አንዱንም ከአንዱ አላገናኘሁትም። ባለ ዱቄቱ ዘንድ በየወሩ መሄድ ነው። በስልክ ይደወላል፣ ይመጣል፣ ይከፈላል።

በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ስለ መፍረሱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የምጨምረው ትንሽ ነው። ቤቱ የቀበሌ ቤት ነበረና ከከተማው ዳር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። ውሃው ቧንቧ ውስጥ አለ፣ ሽንት ቤቱ የራሳችን ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ያ የቡና ቦርድ ተበተነ፤ የግራ ጎረቤታችን በአንድ አቅጣጫ፣ የቀኟ በሌላ። የጤና አዳሙ ጣሳ ዕቃ ስንጭን ተረሳ። የባለ ዱቄቱ ስልክ ደግሞ «ጥሪ አይቀበልም» ማለት ጀመረ። ዱቄቱ አለቀ።

በስምንተኛው ቀን እማዬ ከአልጋ መነሣት አልቻለችም። አንጓዎቿ ሁሉ ተመልሰው አበጡ፤ ይህስ ይሁን፤ ግን ታስመልሳለች፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ብትቀመጥ ዓይኗን ያጨልምባታል። የጾም ድካም ነው አልን፤ የመንገድ ድካም ነው አልን፤ ብርድ ነው አልን። ማታ ላይ ስጠራት አልመለሰችልኝም። በኮንትራት ታክሲ ድንገተኛ ክፍል አደረስኳት።

እዚያ የሆነውን ነው መናገር የሚከብደኝ። መንገድ ላይ ነቃ ብላ እጄን ይዛ፣ «ዱቄቱን እንዳትነግራቸው፤ ይሰድቡናል» አለችኝ። ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። የደም ግፊቷ እጅግ ዝቅ ብሎ፣ ስኳሯ ተዛብቶ አገኘችው። «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የለም» አልኩ። ሄዳ ተመለሰች። «ወንድሜ፣ በደንብ አስብ፤ የሐኪም ቤትም ይሁን የባህል፣ ምንም ነገር?» አለችኝ። «የለም» አልኩ ደግሜ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። እናቴ ስላዘዘችኝ ብቻ አይደለም። እኔ፣ ባዮሎጂ የተማርኩት፣ በዱቄት እልል ማለቴን በዚያች ሴት ፊት ማውጣት አፍሬ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ የደበቅሁት የራሴን በሽታ እንኳ አልነበረም።

ሐኪሟ አልሄደችም። የእማዬን እጅጌ ሰብስባ የበለዘውን ቆዳ አየች፣ አንገቷን ዳሰሰች፣ ክብ ፊቷን ዝም ብላ ተመለከተችው። ከዚያ ወደኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለቁርጥማት የሚሆን ዱቄት ትወስድ ነበር አይደል? መቼ ነው ያቆመችው?» አለችኝ።

ነገርኳት።

ነርሷ ወዲያው ሃይድሮኮርቲዞን በደም ሥሯ ሰጠቻት፤ ግሉኮስና ፈሳሽ ተንጠለጠለ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እማዬ ዓይኗን ገልጣ «ሻይ የለም?» አለች።

በኋላ ሐኪሟ ሳትቆጣ፣ እንደ ወንድሟ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ዱቄቱ ውስጥ ሥርም ይኑር ቅጠል፣ የሠራው ግን እሱ አይደለም። የእማዬ ሰውነት የሚመሰክረው የስቴሮይድን ምልክት ነው፤ ደሟ ሲመረመርም የራሷ ኮርቲሶል እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ስቴሮይድ ለረዥም ጊዜ ከውጭ ሲገባ፣ ኩላሊት ላይ ያሉት አድሬናል የሚባሉት ዕጢዎች «ከተሰጠኝ ለምን ልሥራ?» ብለው ይተኛሉ። በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ባዶውን ይቀራል፤ ያውም ጭንቀትና ድካም ሲመጣ ኮርቲሶል ይበልጥ በሚያስፈልግበት ሰዓት። ቤት እየፈረሰ ዕቃ ስትጭን ማለት ነው። ሰው በዚህ ይሞታል።

ይህ የኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት «አርትሪ ኪንግ» የተባለ፣ ለአንጓ ሕመም በተፈጥሮ ስም የሚሸጥ ኪኒን ውስጥ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን መገኘቱን አስታውቆ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው። እማዬ ከሐኪም ቤት ሸሽታ ወደ ተፈጥሮ ሄደች፤ ተፈጥሮ ብላ የላሰችው ግን የሐኪም ቤቱን መድኃኒት ነበር፤ ያለ መጠን፣ ያለ ሐኪም፣ በማር።

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳነብ ደግሞ አንድ ነገር አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1948 ፊሊፕ ሄንች የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ በዚሁ በሽታ ከአልጋ መነሣት ላቃታት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ኮርቲዞን ሰጣት። በጥቂት ቀን ውስጥ ተነሥታ ገበያ ወጣች። ዓለም ተገረመ፤ በሁለተኛው ዓመት ኖቤል ተሸለመ። ፊት ማበጡ፣ አጥንት መሳሳቱ የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። ሳነበው እማዬ አክምባሎውን በአንድ እጇ ይዛ ስትዘፍን ታየችኝ። ያ ሐኪምም እንደኔ እልል ብሎ ይሆናል።

በሽታዋ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። ሰውነት የራሱን አንጓ ሽፋን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይወጋዋል፤ ሴቶችን ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ያጠቃል፤ ጧት ጧት ረዥም ሰዓት ማደንዘዙ አንዱ ምልክቱ ነው። ብርድ አይደለም፤ ሪህም አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሜቶትሬክሴት ቢጀመር አንጓው ሳይበላ ብዙ ጊዜ ሊገታ ይችላል። እኛ አራት ዓመት ገደማ ነው የፈጀንበት። ሐኪሟ ይህን ስትነግረኝ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ፊቴን ላለማየት ይመስለኛል።

እማዬ አሁን ሜቶትሬክሴቷን ሐሙስ ሐሙስ ትውጣለች። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ተሳስቶ በየቀኑ የወሰደውን ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ሐሙሶቹን ሁሉ በቀይ አክብቤያለሁ። በሌላ ቀን ፎሊክ አሲድ አላት። ስቴሮይዱ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ ብዙ ወር ፈጅቶ ቆመ። ፊቷ ወደ ራሷ ፊት ተመለሰ፤ «ከሳሽ፣ ምን ሆንሽ?» ይሏታል አሁን ደግሞ። የንስሐ አባቷ መድኃኒቱን እንዳትተው ነግረዋታል። እብጠቱ ቀርቷል። የተጣመሙት ሁለት ጣቶች ግን አይቃኑም፤ መጋገርም ቀርቷል።

ስለ ምግብ ደግሞ። እማዬ ሁልጊዜ «በጾም ይቀለኛል» ትል ነበር፤ እኔ የእምነት ነገር ነው ብዬ አልፋለሁ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1991 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የኖርዌይ ጥናት አነበብኩ። ይኸው በሽታ ያለባቸውን 53 ሰዎች ለሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን መጀመሪያ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ጾም፣ ቀጥሎ ለሦስት ወር ተኩል ሥጋም ወተትም ግሉተንም የሌለበት ምግብ፣ ከዚያ ወተት የተጨመረበት የአትክልት ምግብ እስከ ዓመት ሰጧቸው። ሕመማቸውና እብጠታቸው ከሌላው ወገን ይልቅ ቀነሰ። ሥጋም ወተትም ግሉተንም የሌለበት! ጤፍ ግሉተን የለውም እኮ። የእማዬ የጾም በያይነቱ ማለት ነው፤ ኖርዌዮች ስሙን ሳያውቁት ቀረቡት። ሮጬ ሄጄ ነገርኳት። «ይኼን ለማወቅ ኖርዌይ መሄድ ነበረባቸው?» አለችኝ። ቢሆንም ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሁሉም አልተሻላቸውም፤ ጾሙም የሚበላ አንጓን እንደ ሜቶትሬክሴት ያቆማል ያለ የለም። ከዚህም ሌላ፣ ረዥም ዘመን ከእንስሳት ምግብ የራቀ ሰው ቢ 12 ሊያጥረው፣ እጅ እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ያም ሌላ «ብርድ» ይባላል። የእማዬ ቪታሚን ዲ ደግሞ አንሶ ተገኘ፤ ከሌሊት እስከ ጧት ጨለማ ማድ ቤት፣ ቀን ጥላ መተላለፊያ፣ ፀሐይ ከየት ይምጣ? ኮንዶሚኒየሙ በረንዳ አለው፤ ጧት ጧት እዚያ ትቀመጣለች።

ባለፈው ቅዳሜ ለቀጠሮዋ ስንዘጋጅ፣ የምትወስደውን ሁሉ ጽፈን እንድናመጣ ሐኪሟ አዝዛ ነበርና ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ከበረንዳው ተቀመጥኩ። እማዬ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሜቶትሬክሴት፣ ሐሙስ። ፎሊክ አሲድ። ቪታሚን ዲ። «ጤና አዳምም ጻፍ፤ በቡና፣ አንድ ቅርንጫፍ።» ጻፍኩ። «እርድ በወጥ።» ጻፍኩ። «ጸበልስ?» አልኳት። አሰበች። «ጻፈው፤ ምን ይደበቃል» አለች።

«ተልባም አለ።»

«ስንት?»

«አንድ እፍኝ።»

«እማዬ፣ እፍኝ ስንት ነው? ሐኪሟ ትጠይቀኛለች።»

እጇን ዘረጋች። ሁለቱ ጣቶች ስላልታጠፉላት እፍኙ አልሞላም፤ ተልባው ቢኖር በመሃላቸው ይፈስ ነበር። ገልብጣ አየችው፣ መልሳ ገለበጠችው።

«በድሮው እጄ ነው የምልህ» አለችኝ።

እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ተነሥቼ የቡና ስኒ አመጣሁና ተልባውን በሱ ሰፈርነው።